ባለ አንድ ቀለም ወይስ ቀለም የሌለው?

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ማታ የምናነሣው ጉዳይ ለጊዜው ሲያዩት ትንሽ ነገር ይመስላል። የአንድ ቃል ነገር ነው። ፈረንጆች «ሞኖክሮም» ይሉታል፤ በግሪክ ቋንቋ «ሞኖስ» አንድ፣ «ክሮማ» ደግሞ ቀለም ማለት ነው። በአንድ ቀለም ብቻ የተሣለ ሥዕል፣ በአንድ ቀለም የታተመ ገጽ፣ በአንድ ቀለም የታጠበ ፎቶግራፍ ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። እኛስ በአማርኛ ምን እንበለው? ጥያቄያችን ይኸው ነው። «ይህንንማ ለመዝገበ ቃላት ሰዎች ተዉት» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛም በመጀመሪያ እንደዚያው ብለን ነበር። ነገር ግን ቃሉን ሳናጣራ ቸኩለን የሠራነውን ስሕተት ስንነግራችሁ፣ ጉዳዩ የመዝገበ ቃላት ሰዎች ብቻ እንዳልሆነ ታዩልናላችሁ ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ነገሩ የተነሣው ካዛንቺስ ነው። በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ፣ ከመካከላችን እዚያ ተወልደው ያደጉ ስለ ነበሩ፣ ቅዳሜና እሑድ እየሄድን ዕቃ በማውጣት እንረዳ ነበር። የስሙን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ጣሊያን በአምስቱ የወረራ ዓመታት ለመንግሥት ሠራተኞቹ ያሠራቸው ቤቶች «ካዜ ኢንቺስ» ይባሉ ነበር፤ «ካዜ» ቤቶች ማለት ሲሆን «ኢንቺስ» ቤቶቹን የሚያሠራው መሥሪያ ቤት ስም መነሻ ፊደላት ነው። የአዲስ አበባ ሰው ሁለቱን አገጣጥሞ ካዛንቺስ አለና አንድ ቃል አደረጋቸው። ምንም ዓይነት ኮሚቴ አልተሰበሰበበትም። ጣሊያኑ ሄደ፤ ቃሉ ቀረ። ዛሬ ከቤቶቹም አብዛኞቹ የሉም፤ ቃሉ ግን አለ። ታክሲው «ካዛንቺስ! ካዛንቺስ!» እያለ ይጣራል።

በዚያ ሰሞን አንድ ነገር አየን። ቁም ሣጥኑ፣ ፍራሹ፣ ምጣዱና ጀሪካኑ በአይሱዙ ሲጫን፣ የቤቱ እመቤት ለጫኚ የማትሰጠው፣ በነጠላዋ ጠቅልላ በብብቷ ይዛ የምትወጣው ነገር ነበራት፤ በመስታወት የታሰረ ፎቶግራፍ። አንዱ ቤት የሠርግ፣ ሌላው ቤት ወታደር ልጅ፣ ሦስተኛው ቤት በዘውዳዊው ዘመን ከፎቶ ቤት መጋረጃ ፊት ቆመው የተነሡ ባልና ሚስት። ብዙዎቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው። ባለቤቶቹን እያስፈቀድን በስልካችን እየገለበጥን ሰበሰብንና ከሠላሳ የማያንሱትን አሳትመን በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ ለአንድ ሳምንት ሰቀልናቸው። ያያችሁት ታስታውሳላችሁ። በያንዳንዱ ሥር መግለጫ ጽፈን ነበር፤ ቦታው፣ ዘመኑ፣ ከዚያም «ቀለም አልባ ፎቶግራፍ» የሚል። ይህን ቃል የመረጥነው እኛ ነን። ሲነበብ ጥሩ አማርኛ መስሎን ነበር።

ከፎቶግራፎቹ አንዱ የአንዱ ጓደኛችን አያት ታናሽ ወንድም ነው። ለተማሪ መታወቂያ የተነሣ ጉርድ ፎቶ ነበረ፤ ኋላ ቤተ ሰቡ አሳድጎ አስፍሮታል። ልጁ በ1970 ዓ.ም. ጠዋት ከቤት ወጥቶ ያልተመለሰ ነው። ዕድሜው የእኛን ያህል ነበር። እኛም ለእማማ ደስ ይበላቸው ብለን፣ ዛሬ በየስልኩ የሚገኘውን ቀለም የሚሰጥ ፕሮግራም ተጠቅመን ፎቶውን ቀለም አለበስነው። በደቂቃ ውስጥ አለቀ። ሸሚዙ ሰማያዊ፣ ከንፈሩ ቀላ ያለ፣ ከበስተኋላው ያለው መጋረጃ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። በእውነት ያምር ነበር። በመስታወት አሳስረን፣ ከከተማው ዳር ወደ ተሰጣቸው አዲሱ ቤት ሦስት ሆነን ይዘን ሄድን።

እማማ መነጽራቸውን አድርገው ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። ከዚያም «ቆንጆ ልጅ ነው፤ የማን ነው?» አሉን።

ጓደኛችን ነገራቸው። ፎቶውን እንደ ገና አዩት። «ሰማያዊ ሸሚዝ አልነበረውም» አሉ። «ሸሚዙን ያጠብሁለት እኔ ነኝ። ወተት የበዛበት ሻይ ይመስል ነበር። ደግሞ ፊቱንም አቅልታችሁታል፤ እሱ ጠይም ነው።» ከኛ አንዱ ይቅርታ እየጠየቀ፣ «እማማ፤ የፊተኛው ፎቶ ቀለም ስለሌለው ነው እኮ» አለ። እርሳቸውም ሳይቆጡ፣ «ለእናንተ ነዋ የሌለው፤ ልጆቼ» ብለው ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፉት። ከዚያ ቡና ቀረበልን። ስለ ፎቶው ሌላ አልተነገረም።

እንግዲህ ዛሬ ማታ እዚህ ያቆመን ይህ ነው። ስንመለስ በመንገድ ላይ ስንነጋገር የተስማማንበት ነገር፣ ጥፋቱ የጀመረው ከስልኩ ሳይሆን «አልባ» ካልነው ላይ መሆኑን ነው። አንድን ነገር ጎደሎ ነው ብለህ ስም ካወጣህለት፣ ቀጥሎ የሚመጣብህ ሐሳብ ጎደሎውን መሙላት ነው። ቤት የሌለው ካልህ ቤት ትፈልግለታለህ። ቀለም የሌለው ካልህም ቀለም ትፈልግለታለህ፤ ካላገኘህም ትፈጥራለህ።

እስቲ ስለ ራሱ ስለ «ቀለም» ጥቂት እንናገር፤ ቃሉ ከምናስበው በላይ ሀብታም ነውና። «ቀለም» በዐረብኛ ዛሬም ብዕር ማለት ነው፤ ሥሩም ወደ ግሪኩ «ካላሞስ» ወደ መቃ ይደርሳል። በእኛ አገር ግን ከመጻፊያው መቃ ወደሚጻፍበት ፈሳሽ ተሻገረ፤ ግዕዙ መቃውን «ብርዕ» አለና «ቀለም»ን ለፈሳሹ ተወ። የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ጥላሸትና የተቃጠለ እህል ቀምሞ፣ ለብዙ ጊዜ እያሸ፣ አቆይቶ የሚያዘጋጀው ጥቁሩ ቀለም ነው፤ ቀዩ ደግሞ ለቅዱሳን ስምና ለርእስ ይቀመጣል። ከፈሳሹ ወደ መልክ ሁሉ ተስፋፋ፤ አረንጓዴ ቀለም፣ ቢጫ ቀለም አልን። ከዚያም ወደ ትምህርት ዘለቀ። የቀለም ትምህርት፣ የቀለም አባት፣ የቀለም ቀንድ እንላለን፤ ትምህርት የማይዘልቀውን ልጅ ቀለም አይገባውም እንለዋለን። ቅኔና ግጥም የሚቆጥሩ ሰዎች ደግሞ በስንኙ ውስጥ ያለችውን እያንዳንዷን ድምፅ ቀለም ይሏታል። መቃ፣ ጥላሸት፣ መልክ፣ ዕውቀት፣ ድምፅ፤ ይህ ሁሉ በአንድ ቃል!

ልብ በሉልን፤ በዚህ ሁሉ የቃሉ ጉዞ ውስጥ ጥቁር ቀለም ከቀለምነት የወጣበት ጊዜ የለም። እንዲያውም የመጀመሪያው ቀለም እርሱ ነው። አንድ ሊቅ በጥቁር የተጻፈ ዳዊት ይዞ «ይህ ቀለም አልባ መጽሐፍ ነው» ቢሉት፣ ብራናው ገና ያልተጻፈበት ነው ማለታቸው ይመስለዋል። ይህችን ጋዜጣችንንም ውሰዱ። በስቴንስል ተመትታ በማባዣ መኪና የምትወጣ፣ ከጥቁር በቀር ሌላ የማታውቅ ናት። እርሷን ቀለም የላትም የሚል ቢኖር፣ ማባዣውን ለሚያዞሩት ጓደኞቻችን እጅ ይመልከት። ስለዚህም በግድግዳው ላይ የጻፍነው ቃል በአማርኛ ሚዛን ሲመዘን ሐሰት ነው። የባሰም አለ፤ የቀለም ሰው ማለት የተማረ ከሆነ፣ «ቀለም አልባ» ብለን የእማማን ወንድም ከፎቶው በታች መሃይም ብለነዋል ማለት ነው። ተማሪ ነበር።

ታዲያ ምን እንበል? ለዚህ ንግግር ስንዘጋጅ ብዙ ቃል ቀርቦልን ነበር።

አንደኛው ጓደኛችን ከግዕዝ «ኅብረ አሐዱ» የሚል ቃል አዋቅሮ አመጣ። ግዕዙ ትክክል ነው፤ «ኅብር» በግዕዝ መልክ፣ ቀለም ማለት ነውና። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት በ1948 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ እንዲህ ያለውን ቃል ማዋቀር ለተማሪ ሁሉ ቀላል ሆኗል፤ አንዳንድ ጊዜም ከመጠን በላይ ቀላል ሆኗል እንላለን። ችግሩ ግዕዙ ላይ ሳይሆን የዛሬው ጆሯችን ላይ ነው። በዛሬው አማርኛ «ኅብር» ስንል ብዙ ነገር ተስማምቶ አብሮ መኖሩን እንሰማለን። ኅብረ ብሔር ማለት ብዙ ብሔር ያለበት ነው፤ ኅብረ ቀለም ማለት ብዙ ቀለም ያለበት ነው። በቅኔም ኅብር ባለ ሁለት ፍቺ ቃል ነው። ስለዚህ «ኅብረ አሐዱ» ስንል «ብዙ የሆነ አንድ» ያልን ይመስላል። ለቅኔ ጥሩ ነው፤ ለፎቶግራፍ መግለጫ ግን አይሆንም። አቅራቢው ጓደኛችን እዚህ ተቀምጦ ስለሚሰማን ከዚህ በላይ አንናገርም።

ሁለተኛው «ወጥ ቀለም» ነው። ይህ በሕዝብ አፍ ያለ ቃል ነው፤ ጨርቅ ሻጭ ዘንድ ሄዳችሁ አበባ የሌለበት፣ ጥለት የሌለበት ጨርቅ ስትፈልጉ ወጥ አምጣልኝ ትላላችሁ። ግድግዳ የሚቀባ ሰውም ወጥ ይላል። ነገር ግን ወጥ የሆነ ነገር ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። ፎቶግራፍ ግን እንዲህ አይደለም፤ ቀለሙ አንድ ቢሆንም በአንዱ በኩል ይደምቃል፣ በሌላው ይፈዛል፤ ፊትና ሸሚዝ፣ ዓይንና ቅንድብ የሚለዩት በዚሁ ድምቀትና ፍዘት ነው። እውነተኛ ወጥ የሆነ ፎቶግራፍ ብርሃን የገባበትና የተበላሸ ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ ወጥን ለጨርቅና ለግድግዳ ትተንለታል።

ከሁሉ የተለመደው «ጥቁርና ነጭ» ነው። ከዚህ ጋር ጠብ የለንም። ፎቶ ቤቱም፣ ኮፒ ቤቱም፣ እናቶቻችንም ያውቁታል። ይሁን እንጂ ሁለት ነገር ልንናገርበት እንወዳለን። በመጀመሪያ፣ በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ውስጥ እውነተኛ ጥቁርና እውነተኛ ነጭ ጥቂት ነው፤ የሚበዛው መካከለኛው ነው። ለዚህ ለመካከለኛው ደግሞ አማርኛ አልደኸየም። ገበሬው ስለ ከብቱ ሲናገር ግራጫ፣ ዳለቻ፣ ቡላ፣ አመድማ፣ ዳማ ይላል፤ ስለ ሰው ሲናገር ጠይም፣ የቀይ ዳማ ይላል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ጸሐፊዎች «ነገሩን ጥቁርና ነጭ አድርጎ ማየት» እያሉ ጠባብ አስተያየትን ሲወቅሱ ስናነብ እንስቃለን። አባባሉ ከውጭ ተተርጉሞ የመጣ ነው፤ ፎቶግራፉንም ያለ ጥፋቱ ያሳማዋል። ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ከመካከለኛው የተሠራ ነው፤ ጠባብ ሰው እንደርሱ ቢያይ ኖሮ በተሻለው ነበር።

ሁለተኛው ነገር ይህ ነው፤ ባለ አንድ ቀለም ሁሉ ጥቁር አይደለም። የአያቶቻችን ዘመን ፎቶግራፍ ብዙው ቡናማ ነው። የመሐንዲሶች የቀድሞው ፕላን በሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ መስመር ነበረ። ማኅተም ወይን ጠጅ ነው። እነዚህን ሁሉ ጥቁርና ነጭ ብንል ውሸት ይሆናል፤ በአንድ ስም ግን መጠራት ይገባቸዋል።

ስለ ጥቁርና ነጭ አንድ ነገር እንጨምር፤ ለዋናው ጉዳያችን ይረዳልና። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምር ሥዕሉ በጥቁርና ነጭ ነበር። በዚያን ጊዜ ግን ቴሌቪዥኑን «ባለ ጥቁርና ነጭ» ብሎ ለመጥራት ምክንያት አልነበረም፤ ቴሌቪዥን ቴሌቪዥን ነው። ይህ ቅጽል የተፈለገው በ1977 ዓ.ም.፣ ከአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በዓል ጋር፣ የቀለም ሥርጭት ሲመጣና ሰው «ባለ ቀለም ቴሌቪዥን» ማለት ሲጀምር ነው። አዲሱ ባለ ቀለም ከተባለ አሮጌው ያለ ቀለም መባሉ ነው። በፎቶግራፉም የሆነው ይኸው ነው። ከአርመን ወገን የሆነው ቤድሮስ ቦያጂያንና ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም ለቤተ መንግሥት ሲያነሡ፣ ያነሡት ፎቶግራፍ ሙሉ ነገር ነበር፤ ከፊቱ የቆመውም ሰው ምንም የጎደለብኝ አለ ብሎ አላሰበም። ጎዶሎነቱን የፈጠርነው ኋላ የመጣን ሰዎች ነን።

ይህን ስንል ከኛ መካከል የፊዚክስ ተማሪ የሆነው ጓደኛችን፣ «ነገሩን በሌላ በኩልም እዩት፤ ፎቶግራፉ በእርግጥም የጣለው ነገር አለ» ብሎ አስተማረን። የነገረንን እንዳለ እናቀርባለን። ብርሃን ወደ ፊልሙ ሲገባ ፊልሙ የሚመዘግበው የብርሃኑን ብዛት እንጂ ዓይነቱን አይደለም። አንድ ቀይና አንድ አረንጓዴ ጨርቅ በድምቀት እኩል ከሆኑ በፎቶው ላይ አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ባለሙያ መልሶ ሊለያቸው አይችልም። የጥንቱማ የባሰ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን የነበሩት የፎቶግራፍ መስታወቶች በአብዛኛው የሚሰማቸው ሰማያዊና ወይን ጠጅ ብርሃን ብቻ ነበር፤ ቀጥለው የመጡት አረንጓዴን ጨመሩ፤ ቀዩን ግን አያዩትም። ቀለሙን ሁሉ አጣጥሞ የሚያየው ፊልም በሰፊው የተለመደው በ20ኛው መቶ ዘመን ከ1920ዎቹና ከ1930ዎቹ ወዲህ ነው፤ በአውሮፓ አቈጣጠር። ስለዚህ በጥንቱ ፎቶ ሰማይ ምንም ደመና ሳይኖር ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ቀይ ነገር ጥቁር ይሆናል፤ ቢጫውም ይጨልማል። ሰንደቅ ዓላማችንን በእንዲህ ያለ መስታወት ብታነሡት የትኛው ቀለም የት እንዳለ ለማወቅ ትቸገራላችሁ።

ከሰንደቅ ዓላማው ይልቅ እኛን ያስደነገጠን ግን ስለ ፊት የነገረን ነው። የሰው ፊት ቅላት አለበት፤ ቀይ የማያይ መስታወት ይህን ቅላት ያጨልመዋል። ስለዚህ የቀይ ዳማ የነበረው ሰው ጠይም፣ ጠይሙም ጥቁር ሆኖ ይወጣል። የምኒልክን ዘመን ሰዎች መልክ ከፎቶግራፍ አይተን «እንዲህ ነበሩ» የምንለው ሁሉ ይህን ካላሰብን ስሕተት አለበት። በዘመናችን ያለው ፕሮግራም ደግሞ በተቃራኒው ሄዶ የእማማን ወንድም አቀላው። ፕሮግራሙ ስለ ልጁ ምንም አያውቅም። የሚያየው ድምቀትና ፍዘቱን ነው፤ ቀለሙን የሚያመጣው ቀደም ሲል ካሳዩት እጅግ ብዙ ሥዕሎች ከለመደው ነው። «እንዲህ ያለ ሸሚዝ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ነው» ይላል እንጂ «ይህ ሸሚዝ ሰማያዊ ነበር» አይልም። እኛ ግን እንደዚያ ሰማነው።

በቀድሞው ጊዜ ፎቶ ቤቶች ጥቁርና ነጩን ፎቶ በትንሽ ብሩሽ በእጅ ቀለም የሚቀቡበት ጊዜ ነበር፤ ጉንጩን ሮዝ፣ የቀሚሱን ጥለት አረንጓዴ ያደርጉታል። ያ ግን ሲታይ የተቀባ መሆኑ ያስታውቅ ነበር። ማንም አይታለልበትም። የዛሬው የሚያስፈራው ስላማረ ነው።

አሁን ከካዛንቺስ ሳንርቅ ወደ አፍሪካ አዳራሽ እንሂድ። አዳራሹ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም በግንቦት 1955 የተመሠረተው እዚያው ነው። መግቢያው ላይ የእጅግ የተከበሩ የዓለም ሎሬት የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል አለ፤ ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር የሚሆን፣ ሦስት ክፍል ያለው። አዳራሹ ለዓመታት ታድሶ በጥቅምት 2017 እንደ ገና ሲከፈት፣ በዚያው ወር ከአጥሩ ማዶ ካዛንቺስ ይፈርስ ነበር። እኛ ከዚህ በኩል ዕቃ እያወጣን፣ ከዚያ በኩል እንግዶች ይገቡ ነበር። በዚህ ላይ አስተያየት መስጠት የዛሬው ርእሳችን አይደለም።

ስለ ሥዕሉ ለመናገር የፈለግነው ይህን ነው፤ ሦስቱን ክፍሎች ሦስት ቀለማት ይገዟቸዋል። ያለፈውን የአፍሪካን መከራ የሚያሳየውን ቀይ፣ ትግሉን የሚያሳየውን አረንጓዴ፣ የወደፊቱን ተስፋ የሚያሳየውን ቢጫ። ታዲያ ቀዩን ክፍል ባለ አንድ ቀለም እንበለው? አይባልም። በውስጡ ሌሎች ቀለማት አሉ፤ ቀዩ ግን ይገዛቸዋል። አንድ ቀለም የሚገዛው ሥዕልና አንድ ቀለም ብቻ ያለው ሥዕል የተለያዩ ናቸው፤ የሥነ ጥበብ ተማሪዎች ይህን እንዳይቀላቅሉ እንለምናለን። ከመካከላችን ብዙዎች ይህን መስታወት መጀመሪያ ያየነው በመጽሐፍ ገጽ ላይ በጥቁርና ነጭ ታትሞ ነው፤ ኋላ ሄደን በዓይናችን ስናየው የማናውቀው ሥራ መሰለን። እዚህ ላይ እንግዲህ የተጠራጣሪው ጓደኛችን ቃል ይሠራል። በቀለም ተሠርቶ በጥቁርና ነጭ የተገለበጠ ነገር በእርግጥ ጎድሎበታል። ከመጀመሪያው በአንድ ቀለም የተሠራ ግን ምንም አልጎደለበትም። ቃላችን ይህን ልዩነት መሸከም አለበት፤ የፊተኛውን «የጥቁርና ነጭ ግልባጭ»፣ የኋለኛውን «ባለ አንድ ቀለም» ብንል በበኩላችን በቂ ይመስለናል።

«ባለ አንድ ቀለም» አዲስ ቃል አይደለም፤ ማንም ሲሰማው ይገባዋል። «ነጠላ ቀለም» የሚሉም አሉ። ነጠላ ሠረዝ፣ ነጠላ ቁጥር፣ ነጠላ ዜማ ካልን ነጠላ ቀለም ለማለት የሚከለክለን የለም፤ አጭርም ነው። ከኛ ገሚሱ ይህን ይመርጣል። ክርክሩ አላለቀም፤ እንዲያልቅም አንቸኩልም፤ ካዛንቺስን ማንም አልወሰነውም። «ሞኖክሮም» የሚለውንም በማተሚያ መኪናው ቁልፍ ላይ ተጽፎ ሲመጣ አናባርረውም። ቀለም አልባ የሚለውን ግን ከግድግዳችን አንሥተናል።

ከአፍሪካ አዳራሽ ትንሽ ዝቅ ብላችሁ መስቀል አደባባይ ስትደርሱ፣ ያው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። ሄዳችሁ የማታውቁ ሂዱ። ግድግዳው በፎቶግራፍ የተሞላ ነው፤ አብዛኞቹ ወጣቶች፣ ብዙዎቹ ተማሪዎች፣ ፎቶውም የሚበዛው ጥቁርና ነጭ ጉርድ ፎቶ። ሲነሡት ለመታወቂያ ወይም ለምስክር ወረቀት ነበር፤ ለመታሰቢያ እንደሚሆን አላወቁም። የአንዱ አንገትጌ ተጣሟል፤ አንዱ ሳቁን ሊይዘው እየታገለ ነው። ያ ዘመን ሽብሩን እንኳ በቀለም ለይቶ፣ ቀይና ነጭ ብሎ ነበር የጠራው። ልጆቹ ግን በግድግዳው ላይ ከሁለቱም አይደሉም፤ በግራጫ ነው ያሉት። ከእማማ ቤት በተመለስን በሳምንቱ እዚያ ቆመን ሳለ፣ አንድ የማናውቀው ጎብኚ ስልኩን አውጥቶ አንዱን ፎቶ ቀለም ሲያለብሰው አየነው። ጓደኛውንም «እይ! ሕይወት ዘራ እኮ!» አለው። ሊከፋ ብሎ አይደለም። እኛም ከሦስት ሳምንት በፊት ያደረግነው ያንኑ ነበር፤ ስለዚህ ምንም ልንለው አልቻልንም።

አንዳንዶቻችሁ «ታዲያ ቀለም ማልበስ ፈጽሞ ይከልከል ነው የምትሉት?» ትሉናላችሁ። አንልም። አንድ ሰው የአያቱን ፎቶ በራሱ ቤት እንደ ፈለገ ያድርግ። እኛ የምንለው፣ ግምት በሆነ ቀለም የተቀባ ፎቶ በጋዜጣም፣ በኤግዚቢሽንም፣ በመመረቂያ ጽሑፍም ሲወጣ «ኋላ ቀለም የተጨመረበት» ተብሎ ይጻፍበት፤ ዋናውም አብሮት ይቅረብ ነው። ለዚህ ስም ያስፈልገዋል፤ ዋናው ስም ከሌለው ግምቱ ቦታውን ይወስድበታል። ዛሬ የካዛንቺስ ቤቶች በሌሉበት፣ ግድግዳው ምን ቀለም እንደ ነበረ፣ በሩ አረንጓዴ ይሁን ሰማያዊ ሄዶ ለማየት አይቻልም። የሚያውቁት ሰዎች ግን አሁንም አሉ፤ በየዳርቻው ተበትነዋል እንጂ አሉ።

ወደ እማማ ቤት ከሁለት ወር በኋላ እንደ ገና ሄደን ነበር። ቀለም ያለበስነውን ፎቶ ከመስታወቱ አውጥተን የዱሮውን አገባንበት። እርሳቸውም ዝም ብለው ሲያዩን ቆዩና፣ «ከጀርባው ጻፉበት» አሉን። ምን እንጻፍ ብንላቸው፣ እርሳቸው እየነገሩን በእርሳስ ጻፍን፤ ሸሚዙ ወተት የበዛበት ሻይ የመሰለ፤ ከላይ ሁለተኛው ቁልፍ ተቀይሮ ነጭ የሆነ፤ መልኩ ጠይም፤ መጋረጃው የፎቶ ቤቱ ስለሆነ አላውቀውም። ከፊት ለፊቱ ያለውን መግለጫ ግን እኛው አረምነው፤ «ባለ አንድ ቀለም ፎቶግራፍ» ይላል።

ስለዚህ አንድ ልመና አለን። ሰቅለን የነበሩትን ፎቶግራፎች በሙሉ፣ ከአዳዲሶቹ ጋር፣ እንደ ገና ልናሳይ አስበናል። በቤታችሁ የቆየ ፎቶግራፍ ያላችሁ፣ ዋናውን ሳይሆን ግልባጩን አምጡልን፤ ከማምጣታችሁ በፊት ግን ከሚያውቀው ሰው ዘንድ ተቀምጣችሁ ቀለሞቹን ጠይቁና በጀርባው በእርሳስ ጻፉ። እስክሪብቶ ወደ ፊት ስለሚወጣ አትጠቀሙበት። የማያውቁትን «አላውቀውም» ካሉ፣ እርሱንም እንዳለ ጻፉልን።